ዐፄ ገላውዴዎስና የኦሪት ሥርዓት

ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል ሥሩ ከኦሪት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፉ ዘንድ፥ በባርነት ያለውን ወገናቸውን አርነት ያወጡ ዘንድ፥ የተሸጠውንም ርስት ለባለቤቱ ይመልሱ ዘንድ ታዘው ነበር። ዛሬ የክርስቲያን ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ግን ርስት ለመመለስ ዐዋጅ አይነገርም፤ ቅዳሴ ይቀደሳል፥ ምስጋና ይቀርባል፥ ድኻ ይጠግባል፥ ያለፉትም አባቶች በጸሎት ይታሰባሉ። ስሙ ከኦሪት መጣ፤ ፍሬው ግን የወንጌል ሆነ። እንግዲህ በክርስቶስ ያመነ ሰው የኦሪትን ሥርዓት እንዴት አድርጎ ይይዘዋል? የቱን ይጠብቃል? የቱንስ ይተዋል? ስለ ምንስ ምክንያት? ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል ለዚህ ጥያቄ በአጭር ጽሑፍ ግልጥ መልስ ሰጥተው ያለፉ ዐፄ ገላውዴዎስ ናቸውና፥ በዚህ በበዓል መጽሐፍ ታሪካቸውን ማንሣት የተገባ ነው። በዚህም ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ዐፄ ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም በ1514 ዓ.ም. ግድም ነው። ገና የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ሳሉ፥ በ1521 ዓ.ም. የአባታቸው ሠራዊት በሽምብራ ኵሬ ላይ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፥ ሕዝቡ ግራኝ እያለ በሚጠራው፥ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የስደት ዘመን ነበር። አድባራቱና ገዳማቱ ተቃጠሉ፥ መጻሕፍቱ ጠፉ፥ ብዙ ሕዝብም በፍርሃት ሃይማኖቱን ለወጠ። የንጉሡ የበኵር ልጅ ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፤ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ወደ የመን አገር ወደ ዘቢድ ተላከ። ዐፄ ልብነ ድንግልም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በጳጕሜን 1532 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ገላውዴዎስ ከ18 ዓመት የማያልፉ ጐልማሳ ነበሩ። የተረከቡት ዙፋን ስም እንጂ ግዛት አልነበረውም። ስመ መንግሥታቸው አጽናፍ ሰገድ ተባለ፤ በእውነቱ ግን ያን ጊዜ እንኳንስ የዓለም ዳርቻ የአባታቸው አገር ራሱ አልሰገደላቸውም ነበር።

ሟቹ ንጉሥ አስቀድመው ከፖርቱጋል ንጉሥ ርዳታ ለምነው ነበርና፥ በ1533 ዓ.ም. በክረምት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጥና መድፍ ይዘው ምጽዋ ወረዱ። አለቃቸው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ይባል ነበር፤ እርሱም የህንድን የባሕር መንገድ የከፈተው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከነርሱ ጋራ ተሰለፉ። በ1534 ዓ.ም. ክረምት ኢማሙ ከቱርክ ነፍጠኞች ተጨምሮለት ስለ ነበረ ፖርቱጋሎቹ ድል ሆኑ፤ ክሪስቶቫኦም ተማርኮ ተገደለ። የቀሩት ከእቴጌይቱ ጋራ ወደ ስሜን ወጡ። ወጣቱ ንጉሥ ከሸዋ ተነሥተው በዚያ ተገናኟቸው፤ ኀይላቸውንም አስተባብረው በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ገጠሙ። ኢማሙ ከፖርቱጋሎች በተተኰሰ ጥይት ወደቀ፥ ሠራዊቱም ተበተነ።

እንግዲህ የዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት የቆመው በራሳቸው ጽናት ብቻ ሳይሆን ከባሕር ማዶ በመጡ ክርስቲያኖች ደም ጭምር ነው። ይህን ውለታ ንጉሡ አንድ ቀን ስንኳ አልካዱትም። ለተረፉት ፖርቱጋሎች ርስት ሰጡ፥ ከአገሩም ሴቶች አጋቧቸው፥ በቤተ መንግሥታቸውም አከበሯቸው። ነገር ግን ውለታው ሌላ ጥያቄ አስከትሎ መጣ፤ እርሱም የሃይማኖት ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ምን እንደ ነበረ ለማስተዋል ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰንበት የተነሣው ክርክር የቈየ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ሰንበት ጋራ እንድትከበር ስላስተማሩ ብዙ ተቃዋሚ ተነሣባቸው፤ ከ1330 ዓ.ም. ግድምም ጀምሮ ወደ ግብጽ፥ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ቆጵሮስ ተሰደው በመጨረሻ በአርማንያ አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነትም ከቤተ መንግሥትም ተለይተው በየገዳማቸው ጸኑ። ከነርሱም አንዱ የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ በዐፄ ዳዊት ዘመን ስለዚሁ ነገር ታስረው በ1396 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ንጉሡም ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚትን ያከብሩ ዘንድ ፈቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ሁለቱ ሰንበታት በመላው አገር እንዲከበሩ አጸኑ። በዚህም የውስጡ ጠብ ጸጥ አለ። ነገር ግን ቀዳሚትን ማክበር፥ ወንድ ልጅን መግዘር፥ ከእሪያም ሥጋ መከልከል በአንድ ላይ ሲታዩ ለውጭ ሰው የአይሁድ ሥርዓት ይመስሉ ነበር።

ይህም የሐሜት ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን ከተማ ብዙ ዓመት ሲቀመጡ፥ የሮም ካህናት የአገራቸውን ሥርዓት እንደ ስሕተት ቈጥረው ከቅዱስ ቍርባን ከለከሏቸው። ሊቁ በዚህ እጅግ አዝነው የኢትዮጵያን ሃይማኖትና ሥርዓት የሚገልጥ ጽሑፍ ጻፉ፤ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የሚባል የፖርቱጋል ሊቅም ወደ ላቲን መልሶ በ1532 ዓ.ም. አሳተመው። ክርስቲያን የሆነ ሰው በክርስቲያን አገር የጌታውን ሥጋና ደም መከልከሉ ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበደ ያስረዳል።

ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንመለስ። ከፖርቱጋሎች ጋራ የነበረ ዮሐንስ በርሙዴስ የሚባል ሰው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኜ ተሾሜአለሁ እያለ፥ ንጉሡም ሕዝቡም ለሮም ፓፓ እንዲገዙ ይጠይቅ ነበር። ንጉሡ ግን ጳጳስ የሚመጣላቸው እንደ አባቶቻቸው ከመንበረ ማርቆስ መሆኑን አስታውቀው ወደ እስክንድርያ ላኩ፤ አቡነ ዮሳብም መጡ። በርሙዴስም ነገሩ ስላልሆነለት በመጨረሻ ከአገር ወጣ።

በዚሁ ዘመን ንጉሡ የነበረባቸው ሥራ አጥርን የሚጠግን ሰው ሥራ ይመስል ነበር። የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ በአምሐራ ሳይንት ያለችውን ተድባበ ማርያምን ያከበሯት እርሳቸው ናቸው። ወንድማቸውን ሚናስን በኢማሙ ልጅ ለውጠው ከምርኮ አስመለሱ። በስደቱ ዘመን ሃይማኖታቸውን ለውጠው የነበሩትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በምን ሥርዓት እንደሚቀበሏቸው መጽሐፈ ቄድር ተሠራ፤ በርሱም መሠረት የተመለሰው ሰው በጸሎትና በንስሐ፥ በተባረከም ውሃ እየነጻ ይገባ ነበር። በር ያልተዘጋበትን ሕዝብ ያሰባሰቡት በዚህ ነው። በአጠገባቸውም የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ነበሩ፤ እኒህም አባት ከየመን መጥተው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ፥ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ሃይማኖትን መርምሮ መያዝ ምን እንደ ሆነ በሕይወታቸው የሚያውቁ መካሪ ነበሩ ማለት ነው።

በ1547 ዓ.ም. ጎንሳሎ ሮድሪጌስ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከህንድ አገር ከጎዋ ተልኮ ወደ ንጉሡ ደረሰ። የመጣበትም ምክንያት ንጉሡ ከሮም የሚላከውን ፓትርያርክ ይቀበሉ እንደ ሆነ ለመመርመር ነበር። ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ ሃይማኖታቸውን ለመለወጥ ግን ፈቃድ እንደሌላቸው አስታወቁት። እርሱም የኢትዮጵያውያንን ስሕተት ይገልጣል ያለውን ጽሑፍ አዘጋጅቶ አቀረበ። ዐፄ ገላውዴዎስ ጽሑፉን አላቃጠሉም፥ ጸሐፊውንም አላሰሩም። በጽሑፍ ለመጣ ነገር በጽሑፍ መልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተጻፈው የሃይማኖት ጦማራቸው ከዚህ ተወለደ። ጦማሩ በጥቂት ገጽ የሚያልቅ በግእዝ የተጻፈ ነው።

ጦማሩ በመጀመሪያ ስለ ሰንበት ወይም ስለ ግዝረት አይናገርም። መጀመሪያ የሚያቆመው የሃይማኖትን መሠረት ነው፦ ምስጢረ ሥላሴን፥ የወልድን ሰው መሆን፥ ሞቱንና ትንሣኤውን፥ ዳግመኛም መምጣቱን ያምናል። ከዚያም በኋላ ንጉሡ በሐዋርያት፥ በ318ቱ የኒቅያ፥ በ150ው የቍስጥንጥንያና በ200ው የኤፌሶን ጉባኤ ሊቃውንት ትምህርት ጸንተው፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይሉ በቀናው መንገድ እንደሚሄዱ ይመሰክራሉ። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልሆነም። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሳያቆም ስለ መስኮቱ አይከራከርም። የሰው መዳን በክርስቶስ እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ስለ ቀንና ስለ መብል የሚነሣው ነገር ሁሉ በቦታው ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ ነገሮች በየተራ ይመጣሉ። የጦማሩ ጥበብ የሚታየው ለሦስቱ አንድ ዐይነት መልስ ባለመስጠቱ ነው።

የመጀመሪያው የቀዳሚት ሰንበት ነገር ነው። ንጉሡ ቀዳሚትን እንደሚያከብሩ አልካዱም፤ ነገር ግን አከባበሩ እንደ አይሁድ ሥርዓት እንዳልሆነ አስረዱ። በአይሁድ ዘንድ በዚያች ቀን ውሃ አይቀዳም፥ እሳት አይነድም፥ ወጥ አይሠራም፥ እንጀራ አይጋገርም፥ ከቤት ወደ ቤትም አይኬድም። በኢትዮጵያ ግን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙ ቍርባን ይቀርብባታል፥ የፍቅር ማዕድም ይደረግባታል። ከእሑድም ጋራ እኩል አትደረግም፤ እሑድ ክርስቶስ ሞትን ድል ነሥቶ የተነሣባት አዲሲቱ ቀን ናትና። እንግዲህ ቀዳሚት የምትከበርበት ሥልጣን የሐዋርያት ሥርዓት ነው። ቀኒቱ የጥንቷ ቀን ናት፤ የቀኒቱ ሥራ ግን ተለውጧል። ከሥራ መከልከል ብቻ የነበረው ወደ ቅዳሴና ወደ ምጽዋት ተሻገረ።

ሁለተኛው የግዝረት ነገር ነው። በዚህ ላይ የንጉሡ መልስ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ለግዝረት የሐዋርያትን ትእዛዝ አልጠቀሱለትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በክርስቶስ ዘንድ መገዘርም አለመገዘርም እንደማይጠቅም ማስተማሩን በሚገባ እንደሚያውቁ ገለጡ። የኢትዮጵያ ሰው የሚገዘረው ግን እንደ አገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ አገር ፊትን እንደሚበጡት፥ የህንድም ሰዎች ጆሮአቸውን እንደሚበሱት ያለ ነው። ፊቱን የተበጣ ሰው በብጣቱ አልጸደቀም፥ ያልተበጣውም አልተኰነነም። ግዝረትም እንዲሁ ነው። ይህን አስተውሎ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ድፍረትም ትሕትናም አለበት፤ ሕዝባቸው እጅግ የሚያከብረውን ሥርዓት ለመዳን የማያስፈልግ የአገር ልማድ ነው ብሎ መጻፍ ለንጉሥ ቀላል አይደለምና።

ሦስተኛው የእሪያ ሥጋ ነገር ነው። በዚህ ደግሞ የሐዋርያትን ትእዛዝም የአገርንም ልማድ መሠረት አላደረጉም፤ መልሳቸው የኅሊና ነጻነት ነው። የእሪያን ሥጋ አለመብላታቸው የኦሪት ሕግ አስገድዷቸው አለመሆኑን፥ የሚበላውን ሰው እንደማይጸየፉትና እንደማያረክሱት፥ የማይበላውንም ብላ ብለው እንደማያስገድዱት አስረዱ። ምስክራቸውም ቅዱስ ጳውሎስ ለሮም ሰዎች የጻፈው ነው፤ ሐዋርያው የሚበላውና የማይበላው እርስ በርሳቸው እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ አስተምሯልና። ለሮም ካህናት የሮምን መልእክት መጥቀሳቸውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሦስቱ መልሶች በአንድነት ሲታዩ ሥርዓታቸው እንዲህ ነው፦ ሰንበት በሐዋርያት ሥርዓት፥ ግዝረት በአገር ልማድ፥ መብል በኅሊና ነጻነት። ከሦስቱ አንዱም እንኳ ለመዳን የሚያበቃ የኦሪት ግዴታ ተደርጎ አልቀረበም፤ ከሦስቱ አንዱም ደግሞ ኦሪትን በመናቅ አልተጣለም። ጌታ በወንጌል ኦሪትን ሊፈጽም እንጂ ሊሽር አለመምጣቱን ያስተማረው ትምህርት፥ ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን በግዝረት ቀንበር እንዳያስጨንቋቸው የወሰኑት ውሳኔ በዚህ ጦማር ሳይጣሉ በአንድነት ተቀምጠዋል።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ ንጉሡ ዕረፍት አልነበራቸውም። የቱርክ ሠራዊት በ1549 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘ፤ የፖርቱጋል ነፍጥ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኤጲስ ቆጶስ አንድሬ ደ ኦቪዬዶ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋራ ገባ፤ ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመው ዮሐንስ ኑኔስ ባሬቶ ግን ጎዋ ቀርቶ ኢትዮጵያን አላየም። የማኅበሩ አለቃ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም አስቀድሞ ለንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ከኦቪዬዶ ጋራ በጉባኤ ሲከራከሩ ራሳቸው መጽሐፍ እየጠቀሱ ይመልሱ ነበር፤ የሚሲዮኑ ጸሐፊዎች ራሳቸው ንጉሡ በክርክር ከሊቃውንቶቻቸው ይልቅ ብርቱ እንደ ነበሩ ጽፈዋል። ሃይማኖታቸውን ቢለውጡ የጦር ርዳታ እንደሚያገኙ ተስፋ ነበራቸው፤ ባይለውጡ የሚያጡትንም ያውቁ ነበር። አልለወጡም። እንግዶቹንም አላሳደዱም፤ በርስታቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ሥርዓታቸው እንዲጸልዩ ተዉአቸው። ኦቪዬዶ ግን በ1551 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኢትዮጵያውያን ለሮም ቤተ ክርስቲያን የማይታዘዙ ስለ ሆኑ የሮም ተከታዮች ከነርሱ እንዲለዩ የሚያዝ ጽሑፍ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቈይ የሐረሩ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ጦር ይዞ መጣ። ንጉሡ በጥቂት ሠራዊት ገጠሙት፤ በመጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት በጦር ሜዳ ወደቁ። መጋቢት 27 በቤተ ክርስቲያን የጌታ የጥንተ ስቅለቱ መታሰቢያ ነው። ዕድሜአቸው 37 ዓመት ያህል ነበር። የሚወርስ ልጅ ስላልነበራቸው ከምርኮ ያስመለሷቸው ወንድማቸው ሚናስ ነገሡ።

ንጉሡ ሞቱ እንጂ ጦማሩ አልሞተም። ከመቶ ዓመት በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት ግእዙን ከላቲን ትርጓሜ ጋራ በማተሚያ አወጡት፤ የኢትዮጵያም ሃይማኖት ምን እንደ ሆነ የብዙ አገር ሰዎች ከዚሁ ተረዱ። በአገር ውስጥ ግን ትምህርቱ በእሳት ተፈተነ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ቀዳሚት ሰንበትን በዐዋጅ ሲከለክሉ፥ የአገሩም ልማድ በግድ ሲሻር ሕዝቡ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ፥ አባት ከልጁ ተዋጋ። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው የፈሰሰውን ደም አይተው ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መለሱ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ዐፄ ገላውዴዎስ በብዕር የጠበቁት ነገር በሰይፍ ሲነካ ምን እንደሚያስከትል ይህ በቂ ምስክር ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚያነብ ምእመን ሁለት ነገር ይማርበታል። አንደኛው፥ የያዘውን ሥርዓት ምክንያቱን አውቆ እንዲይዝ ነው፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሥርዓቱን ወይ ያመልከዋል፥ ወይ ሲጠየቅ ያፍርበታልና። ቀዳሚትን የሚያከብር በቅዳሴና በምጽዋት ያክብራት፤ ሥራ ፈትቶ በሐሜት የሚውልባት ግን የአይሁድንም የክርስቲያንንም ሥርዓት አልያዘም። ሁለተኛው፥ በመብልና በልማድ ምክንያት ወንድሙን እንዳያረክስ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በዘመናቸው ሁሉ በጦርነት መካከል ኖሩ፤ ለሚከሷቸው ግን በትዕግሥት መልስ ሰጡ፥ የረዷቸውን አልካዱም፥ የአባቶቻቸውንም ሃይማኖት አልሸጡም።

በኦሪት የኢዮቤልዩ ዓመት የታሰረው ይፈታ ነበር። በወንጌልም ይህ በዓል ከቂምና ከመናናቅ የምንፈታበት ያድርግልን። የአባቶቻችንን ሃይማኖት የጠበቀ አምላክ ይህን ደብርና ምእመናኑን ይጠብቅ፤ የዐፄ ገላውዴዎስንም ነፍስ ከቅዱሳን ነገሥታት ጋራ ያሳርፍ። አሜን።